የመደብ አፈርን በጎመንዘርና በላስቲክ ማፈን፦ ለወሎ ቆላ፣ ወይናደጋና ደጋ ደረጃ በደረጃ

የአፈሩን አረምና በሽታ ለመግደል መደቡን ላስቲክ አልብሶ ስድስት ሳምንት ጠብቆ፣ ሲከፍት አረሙን ከበፊቱ ለምልሞ ያገኘ አምራች ከቆቦ እስከ ሐርቡ ጥቂት አይደለም። ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ ከሦስቱ ከአንዱ አይዘልም፦ የላስቲኩ ጠርዝ በወጉ አልተቀበረም፣ አፈሩ ደረቅ እያለ ተሸፍኗል፣ ወይም ጎመንዘሩ ተከትፎ ግማሽ ቀን ፀሐይ ላይ ከዋለ በኋላ ነው ላስቲክ የደረሰበት። ይህ መመሪያ ለሽንኩርት፣ ለቲማቲምና ለበርበሬ ችግኝ መደብ የተዘጋጀ ነው። ለሙሉ ጥማድም ይሠራል፤ ግን መጀመሪያ በአንድ መደብ ተለማመዱ።

እንዴት እንደሚሠራ

ሁለት ነገሮች አብረው ይሠራሉ። አንዱ ሙቀት ነው፤ ፀሐይ በነጣ (ብርሃን አሳላፊ) ላስቲክ አልፋ እርጥቡን አፈር ታግለዋለች። ሁለተኛው ጋዝ ነው። ጎመንዘርና ሰናፍጭ ውስጥ ሲኒግሪን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ተክሉ ሲደቅቅና ውሃ ሲያገኝ የራሱ ኢንዛይም ይህን ሰብሮ አሊል አይሶታዮሳይኔት የተባለውን፣ አፍንጫ የሚሰነፍጠውን ጋዝ ያወጣል። አብዛኛው ጋዝ የሚወጣው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው። ስለዚህ ካልደቀቀ ጋዝ የለም፣ ውሃ ካላገኘ ጋዝ የለም፣ ላስቲኩ ከዘገየ ደግሞ ጋዙ ለነፋስ ነው።

ምን ይገድላል፣ ምን አይገድልም

በደንብ ከተሠራ የዓመታዊ አረም ዘርን (ፓርቲኒየምን ጨምሮ)፣ ሥር የሚያሳብጠውን ኔማቶድ (በዓይን የማይታይ ትል)፣ ችግኝን ከአንገቱ የሚቀጨውን ሻጋታና በላይኛው አፈር ያለውን የኦሮባንኪ (የሰብል ሥር ላይ የሚጣበቅ ጥገኛ አረም) ዘር በእጅጉ ይቀንሳል። እንግጫንና ሰርዶን ግን አትመኑበት። የእንግጫ ሥር ላይ ያለው እንቡጥና የሰርዶ ሥር ጠልቀው ስለሚተርፉ ከመሸፈናችሁ በፊት ቆፍራችሁ ልቀሙ። ቲማቲምን ቅጠሉ አረንጓዴ እንደሆነ በድንገት የሚያጠወልገውን ባክቴሪያ ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም፤ እንዲህ ያለ በሽታ ያለበት ቦታ ላይ መደብ አትሥሩ።

መደቡ ላይ የምታፈሉት ጥቅል ጎመን ከሆነ ወይም መሬቱ የጎመን ሥር የሚያሳብጥ በሽታ ካለበት ጎመንዘር አትዝሩበት። የአንድ ዘመድ ናቸው፤ በሽታውን ታባዛላችሁ። እዚያ ላይ ላስቲኩን ብቻ ተጠቀሙ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ከዚህ በታች ያለው ሒሳብ ሁሉ 1.6 ሜትር በ10 ሜትር ለሆነ መደብ፣ ማለትም ለ16 ካሬ ሜትር ነው።

– ነጣ ላስቲክ፣ ወርዱ 2.4 ሜትር፣ ርዝመቱ 11 ሜትር
– ትኩስ ጎመንዘር 80 ኪሎ፣ ወይም የጎመንዘር ፋጉሎ 4 ኪሎ
– ውሃ፣ ለዕለቱ ብቻ አንድ በርሜል (ቀደም ብሎ ከሚጠጣው ሌላ)
– ዶማ፣ አካፋ፣ መንሽ፣ መከተፊያ፣ ሰፊ ፕላስተር
– የዓይን መነጽርና ጓንት
– እንደ ስጋ መለኪያ ያለ፣ ባለ ረጅም ብረት ቴርሞሜትር
– አራት ሰው። በሁለት ሰው ጀምራችሁ ጠርዙን ሳትቀብሩ ነፋስ ይደርስባችኋል።

ደረጃ 1፦ ጊዜውን ምረጡ

በወሎ ፀሐይ በሚያዝያ አጋማሽ አናት ላይ ትውላለች። የበልግ ዝናብ ካባራ በኋላ ከግንቦት መጀመሪያ እስከ ሰኔ ማብቂያ ያለው ጊዜ ከሁሉ ይሻላል። ሐምሌ ገብቶ ደመና ከከበደ ሥራው ከንቱ ነው።

ሁለተኛው ዕድል ክረምቱ እንደወጣ፣ ከመስከረም 20 ገደማ በኋላ ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ ቢሆንም ሙቀቱ ከግንቦት ያንሳል፤ ለቆቦ፣ ለመርሳና ለሐርቡ ይበቃል፣ ለሐይቅ ዙሪያ ጊዜው ይርዘም፣ ለደጋ አይበቃም። ጥቅሙ ጎመንዘሩን በሐምሌ ዘርታችሁ በክረምቱ ዝናብ ማሳደጋችሁ ነው፤ የመስኖ ውሃ አያስወጣም። ለግንቦት ሥራ ግን በየካቲት መጨረሻ መዝራትና በበልግ ወይም በጉድጓድ ውሃ ማድረስ ግድ ነው።

ቦታው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚያገኝ ይሁን። ከሰዓት በኋላ የዛፍ ወይም የቤት ጥላ የሚወድቅበት ጥግ አይሞቅም፤ አረሙም የሚተርፈው እዚያ ነው።

ደረጃ 2፦ ላስቲኩን ምረጡና ለኩ

ነጣ (ብርሃን አሳላፊ) ይሁን። ጥቁር ላስቲክ አረምን በጨለማ ያፍናል እንጂ አፈሩን እንደ ነጣው አያግልም። ሙቀቱ ላስቲኩ ላይ ይቀራል።

ውፍረቱ ነፋስ በሌለበት ከ25 እስከ 30 ማይክሮን ይበቃል፤ ቀጭን ሲሆን ሙቀት በደንብ ያሳልፋል። የቆቦ ሜዳ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚያነሳ ከ50 ማይክሮን በታች አትግዙ። የግሪንሃውስ ላስቲክ ወፍራም ቢሆንም ፀሐይ እንዳያሳሳው የታከመ ስለሆነ ደጋግማችሁ ትጠቀሙበታላችሁ። ያልታከመው ርካሽ ላስቲክ በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ሳምንት እጅ ሲነካው ይፈረካከሳል፤ ፍርፋሪውን ከመደብ መልቀም ከመሸፈኑ የባሰ ሥራ ነው። ያገለገለ ላስቲክ ከሆነ አጥባችሁ አቧራውን አስለቅቁ፣ ወደ ሰማይ አንስታችሁ ቀዳዳ ፈልጉ።

አሁን ስለ ጋዙ። ተራ ላስቲክ ውሃ አያሳልፍም፣ ጋዝ ግን ቀስ እያለ ያሾልካል፤ በሞቀ ቁጥር ደግሞ ይብስበታል። ለአፈር ማጠኛ ተብሎ የሚሠራው ጋዝ ከልካይ ላስቲክ በሁለት የፖሊኢትሊን ንጣፎች መካከል ናይለን ወይም ኢቮኤች የተባለ ስስ ንብርብር አለው፤ ጋዙን የሚይዘው ያ ስስ ንብርብር ነው። ይህን ላስቲክ ካገኛችሁ አትወጥሩት፣ አጥፋችሁ አትጫኑት፣ በድንጋይ ላይ አትጎትቱት። ሲለጠጥ ወይም ሲሰበር ውስጡ ይሰነጠቃል፤ ላዩ ደህና ስለሚመስል አታዩትም። ካላገኛችሁም ተራው ይበቃል፤ የሚያመልጠውን ጋዝ በፍጥነትና በውሃ ታካክሳላችሁ።

ሻጩ «ጋዝ አያሳልፍም» ካለና ከተጠራጠራችሁ ከሁለቱ ላስቲክ ቁራጭ ወስዳችሁ የተከተፈ ሽንኩርት አንድ አንድ እፍኝ ቋጥሩ። እያንዳንዱን ለብቻው ክዳኑ በሚገጥም ንጹሕ ዕቃ ውስጥ አስቀምጡና በማግሥቱ ክፈቱ። ከተራው ላስቲክ ዕቃ የሽንኩርት ሽታ ይወጣል። ከሌላውም እኩል ከሸተተ ዋጋው አይገባውም።

ልኩን ስታወጡ ለእያንዳንዱ ጠርዝ 40 ሳንቲ ሜትር ጨምሩ፤ 20ው ወደ ጉድጓዱ ይወርዳል፣ 20ው ወለሉ ላይ ይተኛል። ዳርና ዳር ያለው 30 ሳንቲ ሜትር አፈር እንደ መሃሉ ስለማይሞቅ ችግኝ አይፈላበትም፤ መደቡ 1.6 ሜትር የሆነው መሃሉን 1 ሜትር ለመጠቀም ነው። ገበያ ላይ ያለው ላስቲክ ብዙ ጊዜ ተደርቦ የተጠቀለለ ነውና ሳትዘረጉ አትቁረጡ። ሁለት ቁራጭ ማገጣጠም ግድ ከሆነ በፕላስተር አትቀጥሉ፤ የሁለቱንም ጠርዝ በአንድ ጉድጓድ ውስጥ አብራችሁ ቅበሩ።

ደረጃ 3፦ ጎመንዘሩን አዘጋጁ

በቦታው መዝራት። ለ16 ካሬ ሜትር 25 ግራም ያህል ዘር፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ገደማ፣ ጠበቅ አድርጋችሁ ዝሩ። ኤንፒኤስ ማዳበሪያ 160 ግራም ጨምሩ፤ ውስጡ ያለው ሰልፈር ሲኒግሪኑን ያበዛዋል። የሚታጨደው በብዛት ሲያብብ፣ ፍሬ መቋጠር ሲጀምር ነው። ፍሬው እስኪጠነክር ከቆየ ግንዱ እንጨት ይሆናል፣ ጋዙ ያንሳል፣ ኔማቶዱም በሥሩ ላይ ለመራባት ጊዜ ያገኛል።

አንድ ካሬ ሜትር አጭዳችሁ መዝኑ። ከ5 ኪሎ ካነሰ ጉድለቱን ከሌላ ቦታ አምጥታችሁ ሙሉ። ብዙ ሰው ይህችን ነገር ይዘላታል፤ መደቡ አረንጓዴ መስሎ ስለሚታየው በቂ ይመስለዋል። ለአንድ ጥማድ 125 ኩንታል ስለሚያስፈልግ እዚያው ካልበቀለ በጋማ ከብት አጓጉዞ መጨረስ ዘበት ነው።

ፋጉሎ መጠቀም። ለካሬ ሜትር 250 ግራም። የኑግ ፋጉሎ ይህን ጋዝ አያወጣም፤ የጎመንዘር ወይም የሰናፍጭ መሆን አለበት። ችግሩ ዘይት መጭመቂያው ብዙ ጊዜ ስለሚያግለው ኢንዛይሙ ይሞታል። ሳትገዙ ፈትኑት፦ አንድ እፍኝ አድቅቃችሁ ብርጭቆ ውስጥ ለብ ባለ ውሃ በጥብጡ፣ ክደኑት፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ አሽትቱ። ከሰነፈጠ ሕያው ነው። የዘይት ሽታ ብቻ ካለው ከአሥር እጅ አንድ እጅ ያልተቆላ የጎመንዘር ወይም የሰናፍጭ ዱቄት ቀላቅላችሁ እንደገና ፈትኑ፤ የጥሬው ኢንዛይም የፋጉሎውን ሲኒግሪን ይሰብረዋል።

ደረጃ 4፦ አፈሩን አለስልሱ

ቢያንስ አንድ ስንዝር፣ ከተቻለ 25 ሳንቲ ሜትር ቆፍሩ፤ ጎመንዘሩን በቦታው የምትዘሩ ከሆነ ቁፋሮው ከመዝራታችሁ በፊት ይሁን። ጓሉን ከስክሱ። ድንጋይ፣ የማሽላ አገዳ፣ የቲማቲም ግንድ ልቀሙ፤ አገዳው ላስቲኩን ይበሳል፣ ጓሉ ደግሞ በላስቲኩና በአፈሩ መካከል አየር ያስቀምጣል። ዋልካ አፈር ከሆነ ስንጥቁን ሙሉ በሙሉ ሙሉ፤ በስንጥቅ በኩል ጋዙ ከመደቡ ውጭ ይሄዳል።

በደንብ ያልበሰለ ፍግ ሊጨመር ከታሰበ አሁን ይጨመር፣ ላስቲኩ ስር ይታጠን። ከተከፈተ በኋላ የሚጨመር ጥሬ ፍግ የአረም ዘር ይዞ ይመጣል።

የመደቡን መሃል ከዳሩ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ በመጥረጊያ አስተካክሉ፤ ዝናብ ቢመጣ ውሃው አይቋጥርም። ከዚህ በላይ አታጉብጡት፤ በግንቦትና በሰኔ ወደ ደቡብ፣ ከመስከረም በኋላ ደግሞ ወደ ሰሜን የሚያዘነብለው ጎን ይቀዘቅዛል። ሲያበቃ በአራቱም ዙሪያ ጥልቀቱ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቦይ ቆፍሩ፤ አፈሩን ወደ ውጭ ብቻ አውጡ።

ደረጃ 5፦ ከሁለት ቀን በፊት አጠጡ

እርጥበቱ እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ይውረድ። ደረቅ አፈር ሙቀት ወደ ታች አያወርድም፤ የደረቀ የአረም ዘርና የተኛ የኔማቶድ እንቁላልም ሙቀትን ይችላል፣ ውሃ ጠጥቶ ሲነቃ ነው የሚሞተው። በማግሥቱ ከአንድ ስንዝር ጥልቀት አፈር አውጥታችሁ ጨብጡ። ቅርጹን ይዞ ከቆየና ከጣታችሁ መካከል ውሃ ካልወጣ ልክ ነው። ከተበተነ ጨምሩ። ውሃ ከተንጠባጠበ አንድ ቀን ጠብቁ፤ የአፈሩ ቀዳዳ በውሃ ከተሞላ ጋዙ መሄጃ የለውም።

የጠብታ መስኖ ቱቦ ካላችሁ ከላስቲኩ ስር ዘርጉት፤ በሦስተኛው ሳምንት ላስቲኩን ሳትከፍቱ ታጠጣላችሁ።

ደረጃ 6፦ የሽፋኑ ቀን

የሚቆጠረው እያንዳንዱ ደቂቃ ነው። ከመጀመሪያው ክታፊ እስከ መሸፈን ከግማሽ ሰዓት አይለፍ።

1. ጠዋት ነፋስ ሳይነሳ፣ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ጀምሩ። ልጆችንና ከብትን አርቁ። መነጽር አድርጉ።

2. ላስቲኩን ጎን ላይ ዘርግታችሁ ፀሐይ ታለስልሰው። ቀዝቃዛ ላስቲክ ወጥራችሁ ብትቀብሩ ቀትር ላይ ይላላና ነፋስ ያርገበግበዋል።

3. የለሰለሰውን ላስቲክ መልሳችሁ ጠቅልሉ፣ በመደቡ አንድ ራስ በኩል አስቀምጡ፣ የላስቲኩን ጫፍ ቦዩ ውስጥ ቅበሩ። ጥቅሉ ከሚሠሩት ኋላ ኋላ እየተፈታ ይከተላል።

4. ጎመንዘሩን ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ክተፉ። የመኖ መከተፊያ ማሽን ካለ እሱ ይሻላል፤ ቅጠሉን ጭምር ስለሚጨፈልቀው። በማጭድ ብቻ የታጨደና የተበተነ ግን ቅጠሉ ሙሉ ስለሆነ እዚያው ይበሰብሳል እንጂ ጋዝ አይሰጥም። ማሽን ከሌለ በገጀራ ከትፋችሁ በዱላ ውቀጡት፤ ግንዱ ውሃ እስኪያወጣ።

5. ከሁለት እስከ ሦስት ሜትር ድረስ በትናችሁ ወዲያው በዶማና በመንሽ እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ከአፈሩ ጋር ቀላቅሉ። ላይ የቀረ አረንጓዴ ካያችሁ አልተቀላቀለም።

6. በመጥረጊያ አስተካክሉና በካሬ ሜትር 12 ሊትር ውሃ በወንፊት ማጠጫ አርከፍክፉ። ይህ ውሃ ሁለት ሥራ አለው፤ ጋዙን ያስነሳል፣ የላይኛውን አፈር ደግሞ ይዘጋል።

7. ላስቲኩን ወደዚያ ድረስ ግፉት፣ ጎንና ጎኑን ለጊዜው በአካፋ አፈር ያዙ። የሚቀጥለውን ሦስት ሜትር ቀጥሉ።

ፋጉሎ ከሆነ አሠራሩ ይኸው ነው፤ ግን ደረቅ ዱቄቱን ነፋስ ስለሚወስደው ከእርጥብ አፈር ጋር ቀላቅላችሁ በትኑት።

ዓይን ካቃጠለ በእጅ አትሹ። በሚፈስ ንጹሕ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡ። ሳል የያዘው ሰው ከነፋሱ በላይ ይሂድ፤ አስም ያለበት ሰው ይህን ቀን አይሥራ።

ደረጃ 7፦ ጠርዙን ቅበሩ

ሥራው የሚበላሸው እዚህ ነው። ላስቲኩን ወደ ቦዩ አውርዱ፣ ወለሉ ላይ ወደ ውጭ አስተኙት፣ እርጥብ አፈር በሁለት ዙር ሙሉ። የመጀመሪያውን ግማሽ ሞልታችሁ በእግር እርገጡ፣ ከዚያ ቀሪውን ሞልታችሁ እንደገና እርገጡ። ድንጋይ አትደርድሩበት። በድንጋይና በድንጋይ መካከል ያለው ክፍተት ለጋዝም ለነፋስም በር ነው፣ ማታ ማታም ድንጋዩ ላስቲኩን ይበጣዋል።

ማዕዘኖቹን እንደ ፖስታ በእጅ እጠፉና አፈር ጫኑባቸው። ላስቲኩ አፈሩን ነክቶ ይተኛ፤ ከፍ ካለ ከስሩ ያለው አየር ሙቀቱን ይበላል።

አንድ ሰዓት ቆይታችሁ በዙሪያው ተንበርክካችሁ አሽትቱ። ተራ ላስቲክ ከሆነ በሁሉም በኩል ትንሽ መሰንፈጡ አይቀርም። በአንድ ቦታ ላይ ብቻ ከበረታ እዚያ ቀዳዳ ወይም ያልተረገጠ ጠርዝ አለ፤ ውሃ አርከፍክፋችሁ አፈር ጨምሩና እርገጡ።

ደረጃ 8፦ ጠብቁ፣ ለኩ

የግራር እሾህ ከላስቲኩ አንድ ሜትር ራቅ አድርጋችሁ ዙሪያውን እጠሩ። ፍየልና ውሻ በአንድ ሌሊት የሁለት ወር ሥራ ያፈርሳሉ፤ ላስቲክ የበላች ላምም አንጀቷ ተዘግቶ ልትሞት ትችላለች።

በመጀመሪያው ሳምንት በየቀኑ፣ ከዚያ በየሦስት ቀኑ እዩት። ጠዋት ላስቲኩ ውስጡ በውሃ ጤዛ የተሞላ መሆን አለበት።

ከአሥር ቀን በኋላ ጥርት ባለ ቀን፣ ከቀኑ 9 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ የቴርሞሜትሩን ብረት በላስቲኩ ወግታችሁ 10 ሳንቲ ሜትር አስገቡ፣ አንብቡ፣ ቀዳዳውን ወዲያው በፕላስተር ዝጉ። ጠዋት መለካት ያሳስታል።

– 45 ዲግሪና በላይ፦ 4 ሳምንት ይበቃል።
– ከ40 እስከ 45፦ 6 ሳምንት ያዙ።
– ከ40 በታች፦ 8 ሳምንት፣ ወይም ከታች እንደተጻፈው ሁለተኛ ላስቲክ ደርቡ።

የደመና ቀን አይቆጠርም። አምስት ቀን ከደመነ አምስት ቀን ጨምሩ።

ደረጃ 9፦ መክፈትና የፌጦ ሙከራ

ነፋስ ባለበት ጠዋት አንድ ጎን ብቻ ክፈቱና ራቁ። ላስቲኩ ጋዝ ከልካይ ከነበረ ይህን አትዝለሉ፤ የያዘውን ቶሎ አልለቀቀምና። በማግሥቱ ሙሉውን አንሱ። ከዚያ አፈሩን ከላይ 5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ጫር ጫር አድርጋችሁ ከ10 እስከ 14 ቀን አናፍሱት።

ዘር ከመዝራታችሁ በፊት ይህን ሥሩ፦

1. ክዳናቸው የሚገጥም ሁለት ጠርሙስ አጥባችሁ አድርቁ።
2. ከመደቡ አምስት ቦታ፣ ከ5 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት አፈር አውጥታችሁ አንዱን ጠርሙስ እስከ ግማሽ ሙሉ። ሁለተኛውን ካልታጠነ መሬት በመጣ አፈር ሙሉ። ሁለቱም እኩል እርጥብ ይሁኑ።
3. በእያንዳንዱ ላይ ውሃ የጠጣ ጥጥ አስቀምጡ፣ ጥጡ ላይ 20 ፍሬ ፌጦ በትኑ፣ ወዲያው ክደኑ።
4. ፀሐይ በማይነካው ቤት ውስጥ ሁለት ቀን አቆዩ።

በሁለቱም እኩል ከበቀለ መዝራት ይቻላል። የመደቡ ጠርሙስ ካልበቀለ ወይም ሥሩ ቡናማ ሆኖ ካጠረ አንድ ሳምንት ጨምራችሁ አናፍሱና ድገሙ። ሁለቱም ካልበቀሉ ፌጦው ያረጀ ነው፤ ሙከራው አይቆጠርም።

ደረጃ 10፦ ከተከፈተ በኋላ

በጥልቀት አትቆፍሩ። የተገደለው የላይኛው አፈር ነው፤ ከስር ያለውን ዘር ወደ ላይ ብታወጡ ሁሉም ከንቱ ይሆናል። ዶማና አካፋ በበረኪና (አንድ እጅ በዘጠኝ እጅ ውሃ) ታጥበው ይግቡ። ከታመመ ማሳ ላይ ሮጦ የሚመጣ የቦይ ውሃ በሽታውን ይመልሰዋልና የጉድጓድ ውሃ ካለ እሱን ምረጡ።

የበሰበሰው ጎመንዘር፣ በተለይም ፋጉሎው፣ ናይትሮጂን ይለቃል። በመጀመሪያው ወር ዩሪያ አታስጠጉ።

ሲበላሽ ምን ይደረጋል

ላስቲኩ ተቀደደ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ከሆነ ወዲያው በፕላስተር ዝጉ፤ ቀዳዳው ከመዳፍ ከበለጠ የላስቲክ ቁራጭ ደርቡበት። ሽታው ቀድሞ ጠፍቶ ከሆነ ከእንግዲህ የሚሠራው ሙቀቱ ነውና ሁለት ሳምንት ጨምሩ። ፕላስተር እርጥብ ላስቲክ ላይ ስለማይዝ መጀመሪያ በጨርቅ አድርቁት።

ከስሩ አረም ለመለመ። ላስቲኩ አፈሩን አልነካም፣ ወይም ጥላ አለ። አረሙን ለመንቀል አትክፈቱ። በላስቲኩ ላይ በለስላሳ መጥረጊያ ተጭናችሁ አስተኙት፤ ፀሐይ ላይ ላስቲኩን ሲነካ ይቃጠላል። በዳር ብቻ ከሆነ አትጨነቁ፣ ያ ቦታ ለችግኝ አይደለም። እሾህ የመሰለ ቀጭን ቅጠል ላስቲኩን በስቶ ከወጣ እንግጫ ነው፤ ቀዳዳውን ዝጉና ሲከፈት ቆፍራችሁ አውጡ።

ጤዛ ጠፋ። አፈሩ ደርቋል። የጠብታ ቱቦ ካለ አጠጡ። ከሌለ ከመደቡ ውጭ ባለው ቦይ ውሃ ለቃችሁ በጎን ይስረግ፤ የተቀበረውን ጠርዝ እንዳያፈርስ በቀስታ።

ዝናብ ላዩ ላይ ተቋጠረ። አትብሱት። ሁለት ሰው መጥረጊያ ይዞ ወደ ዳር ይግፋው። የቆመ ውሃ አፈሩን ያቀዘቅዛል።

በሽፋኑ ቀን ምንም አልሰነፈጠም። ጎመንዘሩ ጠውልጎ ነበር፣ አልደቀቀም ወይም ፋጉሎው ሞቶ ነው። ላስቲኩን አታንሱ፤ ለሙቀቱ ተዉትና ጊዜውን ወደ 6 ወይም 8 ሳምንት አርዝሙ።

ችግኙ በቅሎ ቢጫ ሆነ። ብዙ ጊዜ ፋጉሎ በዝቶ ነው። ሁለት ጊዜ ጠገብ አድርጋችሁ አጠጡና ጠብቁ፤ ማዳበሪያ አትጨምሩ።

በኪኒንና በኬሚካል አትሞክሩ

ለጎተራ ነቀዝ የሚሸጠውን ኪኒን ላስቲክ ስር የሚቀብር ሰው አለ። ኪኒኑ እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የተባለ ገዳይ ጋዝ ያወጣል፤ መደቡ ደግሞ ቤት አጠገብ ነው። ፈጽሞ አታድርጉት። እንደ ሜታም ሶዲየም ያሉ የአፈር ማጠኛዎችም የሠለጠነ ሰው፣ የተሟላ የመተንፈሻ ጭምብልና ለዚያው የተመዘገበ ምርት የሚጠይቁ ናቸው። መለያ ጽሑፍ የሌለውን ጀሪካን አትግዙ። መሬቱ በሽታ ስለበዛበት መላ ካጣችሁ ሥሩን ከነአፈሩ ይዛችሁ ወደ ወረዳው የሰብል ባለሙያ ሂዱ።

ለደጋ፦ ድርብ ላስቲክ

ደሴ፣ ኩታበርና ከዚያ በላይ ያለ አምራች መሬት ላይ ቢሸፍን የሚያገኘው ሙቀት ያንሰዋል። መፍትሔው አፈሩን ወደ ሙቀቱ ማምጣት ነው፤ ለሽንኩርት፣ ለጎመንና ለቲማቲም ችግኝ የሚያስፈልገው አፈር ብዙ ስላልሆነ ይቻላል።

1. ፀሐይ በሚመታው ደልዳላ ቦታ ላይ አሮጌ ላስቲክ ወይም ሸራ አንጥፉ።
2. የረጠበ አፈር በነጣ ፌስታል ሙሉ ወይም ስስ አድርጋችሁ ዘርጉ፤ ከፍታው ከ20 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ።
3. በነጣ ላስቲክ ሸፍናችሁ ዙሪያውን ዝጉ።
4. ከላይ ከቀርከሃ ወይም ከሽቦ ቀስት ሠርታችሁ አንድ ስንዝር ክፍተት ትታችሁ ሁለተኛ ነጣ ላስቲክ ወጥሩና ዳሩን በአፈር ያዙ። በሁለቱ መካከል ያለው አየር ሙቀቱን ይይዛል።
5. ቴርሞሜትሩን የክምሩ መካከል፣ ከሁሉ በሚቀዘቅዘው ቦታ፣ አስገቡ። 60 ዲግሪ ደርሶ አንድ ሰዓት ከቆየ፣ ወይም 70 ደርሶ ግማሽ ሰዓት ከቆየ አልቋል። በጥርት ያለ የግንቦት ቀን በአንድ ቀን ሊሆን ይችላል፤ ካልደረሰ በማግሥቱ ይቀጥል።

በዚህ መንገድ ጎመንዘር አትጨምሩ፤ ሙቀቱ ብቻውን ይበቃል። በኅዳርና በታኅሣሥ የሌሊቱ ውርጭ አፈሩን ስለሚያቀዘቅዘው ጠዋት ዘግይቶ ነው የሚሞቀው፤ በነዚህ ወራት አፈሩን ከ10 ሳንቲ ሜትር በላይ አትከምሩ። ሲያልቅ አፈሩን በታጠበ አካፋ በቀጥታ ወደ ችግኝ ሳጥኑ ግልብጡ፤ መሬት ላይ አታሳርፉት።